ከቁርበት ወደ አልጋ የመለሰኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። የምመሰክረው ነገር አለኝና ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ወንበር ብታቀብሉኝ ደግሞ ተቀምጬ ነው የማወራው። ቆሞ መመስከር እንደሚያምር አውቃለሁ፤ እኔ ግን ደክሞኛል። ከጋፋት ማዶ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነበር። ድካሜ የዛሬ ብቻ አይደለም፣ የስንት ዓመት ነው። ጌታ የደከመ ሰው ምስጋናም ይሰማል ብዬ ተነሣሁ። ተነሣሁ ስል ተቀመጥሁ ማለቴ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም። ለእኔ መሳቅ ቀላል ነገር እንዳልነበረ ግን አሁን ትሰማላችሁ።

ስሜ ጥሩዬ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። "ጥሩዬ፣ ወደ ፊት ነይ እንጂ!" ስትሉኝ "ኧረ እዚሁ ይሻለኛል፣ ንፋስ ያገኘኛል" እላችሁ ነበር። በዚህ በደብረ ታቦር ብርድ ንፋስ ፈልጎ በር ሥር የሚቀመጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ ሌላ ነበር። ሽንቴ አይቆምልኝም ነበር።

ይኸው አልሁት። ወንድሞች፣ አቀርቅራችኋል። ቀና በሉ፣ የእናንተም ቤት ሴት አለ። ሽማግሌዎቹን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ "ለእህቶች ጉባኤ ብቻ ይሁን" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ባሎችም ይስሙ አልሁ፣ እነሱም ካሰቡበት በኋላ "እሺ፣ በጨዋ ቃል" አሉኝ። በጨዋ ቃል እነግራችኋለሁ።

የመጨረሻዋን ልጄን ስወልድ ምጡ ጠንቶብኝ ነበር። ልጅቷም እኔም ተረፍን፣ ስሙ ይክበር! ከዚያ ወዲህ ግን ሰውነቴ የእኔ አልሆነም። ሳስል ያመልጠኛል። ጀሪካን ስሸከም ያመልጠኛል። ገብስ ስሸከሽክ፣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ዳገት ስወጣ ያመልጠኛል። ከሁሉ የከፋው ሳቅ ነበር። ሰው ቀልድ ሲያመጣ እኔ ፊቴን አጠቁራለሁ። "ጥሩዬ ኮስታራ ናት" ይሉኛል። ኮስታራ አልነበርሁም እኮ! የቀሚሴን ነገር እየፈራሁ ነው።

ለአማቴ ነገርኋቸው። ነፍሳቸውን ይማርና "ሴት ወልዳ እንዲህ ናት፤ ቻዪው፣ ማንም አልሞተበት" አሉኝ። እኔም ቻልሁት። ቀሚስ በቀሚስ ደርቤ፣ ጨርቅ በጨርቅ አጣጥፌ ቻልሁት። ሠርግ ቀረሁ፣ ልቅሶ ቤትም ቆሜ ነበር የምመለሰው። ማንም ደጀ ሰላም አትግቢ ያለኝ የለም፣ እኔው ራሴ አፍሬ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ መሳለም ጀመርሁ። ሰው ሳያባርረኝ እኔው ራሴን አባረርሁ።

አሁን ወደ ባሌ ልምጣ። ባሌ ደሴ ይባላል። ገበሬ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። በሠፈራችን ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ ሁሉ የጠፍር አልጋውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ቁርበቱን ይዘፈዝፋል፣ በቢላዋ እያዞረ አንድ ረጅም ጠፍር ያወጣዋል፣ እርጥቡን እየወጠረ ይጠፍረዋል። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባልና ሚስት ባልና ሚስት በሚሆኑበት ሰዓት፣ ገብቷችኋል መቼም፣ ያ ነገር አመለጠኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ! ደሴ ተነሣና ሌላ ልብስ አምጥቶ አለበሰኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ተኛ። ያ ፊት መዞር ልቤን ሰበረው። በማግስቱ ቁርበት አምጥቼ መደቡ ላይ አነጠፍሁና እዚያ መተኛት ጀመርሁ። ቁርበት ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደ ፍራሽ አይጠጣም። እሱም አይቶ "ብርድ ነው" ብቻ አለኝ። እኔም "ለምጄዋለሁ" አልሁት። አበቃ። የእኛ የትዳር ወሬ ከዚያ በኋላ ስለ በሬና ስለ ዝናብ ሆነ።

"ዝም አይነቅዝም" ይላል የአገራችን ሰው። በእኔ ቤት ግን ዝምታው ነቀዘ፣ ወገኖቼ።

እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው ጌታ እህት ዘነቡን የላከልኝ። ያቻትላችሁ፣ አሁን አንገቷን የደፋችው። እዚህ ከተማ በርበሬ ትሸጣለች፣ ገበያ ስወጣ ደንበኛዬ ናት። አንድ ቅዳሜ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሳል ያዘኝ። ስነሣ ጆንያው ረጥቧል። በርበሬ! ሰው የሚበላው ነገር! በቁሜ ሞትሁ። ዘነቡ ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? ነጠላዋን ጣል አደረገችበትና እርጥቡ ላይ እሷ ተቀመጠች። ገዢ መጥቶ "ከዚህኛው ጆንያ ስፈሪልኝ" ሲላት "ይኼ ለሽያጭ አይደለም፣ መቀመጫዬ ነው" አለችው። ገዢው ሲሄድ እጄን ይዛ "ጥሩዬ፣ እኔ ያላፈርሁብሽን ጌታ ያፍርብሻል ብለሽ ነው?" አለችኝ። ሃሌ ሉያ! ወገኖቼ፣ እኔን ስብከት አልነበረም የማረከኝ፤ ያቺ ጆንያ ነች። ከዚያ በኋላ ይኸው ወደዚህ ቤት መምጣት ጀመርሁ፣ ጌታን ተቀበልሁ፣ በሩ አጠገብም ተቀመጥሁ።

ደሴ እምነቴን መቀየሬን ሲሰማ ተቆጣ፤ ከእናት ካባቴ ሃይማኖት አልነቀነቅም ያለ ሰው ነው፣ ዛሬም ማኅበሩን ይጠጣል። ግን አልከለከለኝም። "ሂጂ፣ ከሳቅሽ ሂጂ" አለኝ። እኔ መች ሳቅሁ?

እናንተም ሕመሜ ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ጸለያችሁልኝ፣ ጌታ ይባርካችሁ። እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁ፣ እኔም አለቀስሁ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ዳገቱ ላይ ያው አመለጠኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ በምስክርነት ላይ አልዋሽም። "በቃ እኔን ጌታ አልሰማኝም" ብዬ ለዘነቡ ነገርኋት። እሷም "አይ አንቺ ሴት! ጌታ ሐኪም የለውም ያለሽ ማነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?" ብላ ተነሣችብኝ። እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፣ እነሱም ባሕር ዳር ወዳለ ሆስፒታል ላኩኝ።

ለደሴ ነገርሁት። ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። ጋቢውን አነሣና "አብሬሽ እሄዳለሁ" አለ። የሚኒባሱ መንገድስ! ሐሙሲት ላይ ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ ሲወርድ እኔ ቀሚሴ ስለረጠበ አልወርድም ብዬ ቀረሁ። ደሴም አልወረደም። በመስኮት በቆሎ ገዛና ሰብሮ እኩሌታውን ሰጠኝ፣ እዚያው ተቀምጠን በላን። አይ ድካም! ያን ቀን በመንገድ ላይ "ጌታ ሆይ፣ ወይ አድነኝ ወይ ውሰደኝ፣ መሃል ላይ መኖር ሰለቸኝ" ነበር ጸሎቴ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መረመረችኝና "እናቴ፣ ይኼ ፊስቱላ አይደለም፣ አይፍሩ። ፊኛዎን ከሥር የሚደግፈው ላልቷል፣ ከሥር ደጋፊ እናስርለታለን" አለችኝ። እኔ አልገባኝም። ደሴም አልገባውም። ያን ጊዜ አጠገቧ የቆመችው ነርስ፣ የእኛው አገር ልጅ ናት መሰለኝ፣ "አባቴ፣ የጠፍር አልጋ ያውቃሉ? ጠፍሩ ሲረግብ አልጋው ይሰረጉዳል አይደል? እኛም አዲስ ጠፍር እናስርላቸዋለን፣ እንደዚያ ነው" አለችው። የደሴ ፊት በራ። "ገባኝ" አለ። በዚያ ጉዞ ሁሉ ሲናገር የሰማሁት ቃል እሱ ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። "ከባድ ነገር አያንሡ፣ ለቀጠሮ እስኪመጡ ከባለቤትዎ ለየት ብለው ይቆዩ" አሉኝ። እሺ አልሁ። ለየት ብሎ መቆየቱን እኔ መች አጣሁት!

ወገኖቼ፣ ደረቅሁ! ጌታ ይባረክ! ሳልሁ፣ ደረቅ ነው። ዳገት ወጣሁ፣ ደረቅ ነው። ቀጠሮዬ ደርሶ ስሄድ ሐኪሟ "ያመልጥዎታል?" አለችኝ፣ "አያመልጠኝም" አልኋት፣ "እሰይ" ብላ ሸኘችኝ። ሌላውን ነገር እሷም አላነሣችውም፣ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም። ያን እሑድ እዚህ መጥቼ ከምኑ ሳልል "ዳንሁ" ስላችሁ እልል ያላችሁልኝን ታስታውሳላችሁ።

አሁን ግን ያኔ ያልነገርኋችሁን ልንገራችሁ። እናንተ እልል ስትሉ እኔ ማታ የምመለሰው ወደ ቁርበቴ ነበር። ደሴ አልጠራኝም። ዛሬ ይጠራኛል፣ ነገ ይጠራኛል እያልሁ ጠበቅሁ። አዲስ ቀሚስ ለበስሁ፣ አላየም። ጠጉሬን ተሠራሁ፣ "አምሮብሻል" አለኝና በሬዎቹን ሊያስገባ ወጣ። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ፣ እኔ መደብ ላይ ነኝ። በቃ ተጸይፎኛል አልሁ። በሽታው ነበር የለየን ብዬ አስብ ነበር፣ ለካ እኔው ነኝ የማልፈለገው። ከሕመሜ ይልቅ ያ ነበር ያደከመኝ። በሽተኛ ሳለሁ "ምነው በዳንሁ" እል ነበር፤ ድኜ ካልተፈለግሁ ወዲያ ምን ተስፋ አለኝ?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሱ ከማሳ ሳይመለስ ቁርበቴን ጠቀለልሁ። ልጄ ዘንድ ሐሙሲት ልሄድ ነው፣ የልጅ ልጅ ልጠብቅ፣ ከእንግዲህ የምረባው ለዚያ ነው ብዬ። ገመድ ሳስር ደሴ በበሩ ገባ።

"ቁርበቱን ወዴት ነው?" አለኝ።

"ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። የማትፈልጋትን ሴት ጎጆህ ውስጥ ምን ያስቀምጣታል?"

ዱላውን በሩ ሥር አቆመ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ "ደርቋል ወይ?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ያ የታሰረው ነዋ።"

"የምን የታሰረ?"

"ነርሷ እንደ አልጋ ጠፍር ነው አላለችም? እርጥብ ጠፍር ላይ ይተኛል እንዴ? በእርጥቡ የተኙበት አልጋ ዕድሜ ልኩን እንደረገበ ይቀራል፣ ይኼን ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል! ሲደርቅ ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሐኪሟም ዝም፣ አንቺም ዝም። ባበላሸውስ? እንደገና ቢላዋ ሥር ልመልስሽ?"

ወገኖቼ! ይኼን ሁሉ ጊዜ! ሰውዬው ተጸይፎኝ አይደለም፣ እስክደርቅ እየጠበቀኝ ነው!

"ያኔስ ፊትህን ለምን አዞርህብኝ?" አልሁት፣ ነገሬ ሁሉ አብሮ ገነፈለ።

"አፍረሽ ነበር። ያፈረን ሰው ትክ ብለው አያዩትም" አለኝ።

ቁርበቱ ላይ ቁጭ አልሁና ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ፣ ሆዴን ይዤ፣ ያችን የመጨረሻ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ስቄ የማላውቀውን ሳቅ ሁሉ ሳቅሁ። ከዚያ ድንገት ደነገጥሁና እጄን ወደ ቀሚሴ ሰደድሁ። ደረቅ ነው! ሃሌ ሉያ፣ ደረቅ ነው! ደሴም ግራ ገብቶት "ምነው? ምን ሆንሽ?" ይለኛል።

"ታዲያ ደርቋል?" አለኝ ደግሞ፣ አይለቅ።

"እኔ ምን አውቄ! አልጠየቅሁም" አልሁት።

"በይ ተነሺ፣ እንጠይቃለን።"

ሄድን። የእኛ አገር ወንድ፣ ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በዚያች ወጣት ሐኪም ፊት ቆመ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ። በእርሻም እንዲያ አልቦ አያውቅም። "የኔ ልጅ፣ የአልጋው ነገር… ደርቋል ወይ ልልሽ ነው የመጣሁ" አላት። እሷ አልገባትም። እኔ ነኝ የመጣው ይምጣ ብዬ የተረጎምሁላት። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ እግዜር ይስጣት። ወንበር ስባ ከፊታችን ተቀመጠችና "አባቴ፣ ከደረቀ ቆየ። እኔ ነበርሁ ሳትጠይቁኝ መንገር የነበረብኝ" አለች። ከዚያ ሁሉን ነገረችን። መጀመሪያ ላይ ሊያም ይችላል፣ አትቸኩሉ፣ ካመማቸው ይቁሙ፣ ቅባት አለ እሰጣችኋለሁ፣ ሕመሙ ካልተወ ተመለሱ አለችን። "ዋናው ደግሞ እርስ በርስ ተነጋገሩ" አለች። ደሴ እንደ ቄስ ትምህርት ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ቤታችን ከገባን በኋላ አንድ ማለዳ ከደጅ ብመለስ ቁርበቴ መደቡ ላይ የለም። ወጥቼ ባይ ደሴ ጓሮ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎታል።

"ኧረ አንተ ሰው! የምን ሥራ ነው? የት ልተኛ ነው?" አልሁት።

ቀና ሳይል "አልጋው ረግቧል። አንድ ሰው ብቻ ሲተኛበት ወደ አንድ ወገን ነው የሚረግበው" አለኝ።

"ያ ቁርበት እኮ… ስንት ያየ ነው" አልሁት፣ አፍሬ።

"ስንቴ አጥበሽዋል። ካንቺ ቁርበት የጸዳ ቁርበት በዚህ አገር የለም።"

ቢላዋውን ስሎ ከዳር እስከ መሃል እያዞረ ጠፍር አወጣው። ያን ያፈርሁበትን፣ ያለቀስሁበትን ቁርበት! አሮጌውን ጠፍር ፈትቶ ጣለና በእሱ አልጋችንን ጠፈረው፣ እኔም ጫፉን ይዤ ስቤለታለሁ። ፀሐይ ላይ አወጣነው። ጠዋት ጠዋት እየሄደ በጣቱ መታ ያደርገዋል፣ ይሰማዋል፣ "ገና ነው" ይላል። እኔም በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ እንደ ሙሽራ ልቤ ይመታል፣ በዚህ ዕድሜዬ! አንድ ቀን መታ አደረገውና ወደ እኔ ዞረ።

"ደርቋል" አለኝ።

ስሙ ይባረክ! ከዚህ በላይ አልናገርም፣ በጨዋ ቃል ብያለሁ።

ወገኖቼ፣ ሁሉ ነገር አለቀ ደቀቀ ብዬ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ አሞኛል፣ ደሴም ቆሟል። አሁንም አንዳንዴ ውኃ ሳይ ሽንቴ ይቸኩልብኛል። ጉልበቴም የድሮው አይደለም። ይኼ ሁሉ ዓመት ያለፈብኝን ሳስበው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ግን ብርድ አይነካኝም። አመሰግነዋለሁ! በበርበሬ ጆንያ፣ በሐኪም እጅ፣ በዚያ በዝምተኛ ባሌ በኩል ለመጣልኝ ጌታ ምስጋና ይሁን! እኔ በአንድ መንገድ ብቻ ስጠብቀው እሱ በሌላው መጣ። እመኑት። ዘገየ ስትሉ እመኑት፣ ሲደክማችሁም ተቀምጣችሁ እመኑት።

ባሎች፣ ጠይቋቸው። ሚስቶች፣ ቁርበታችሁን አትጠቅልሉ፣ መጀመሪያ ተናገሩ።

ደሴ ዛሬም እዚህ አይገባም፣ ጸልዩለት እንጂ አትጎትቱት። "እናንተ ጌታ ይባረክ ትላላችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ሰሚው አንድ ነው" ይላል። ይኼን ልመሰክር ነው ስለው "ስለ አልጋውም ንገሪያቸው፣ ሌላም ሞኝ አይጠፋም" ብሎ ልኮኛል።

እኔ ከዛሬ ጀምሮ ፊት ነው የምቀመጠው። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው፤ ግን አውቃለሁ፣ እዚያ ለመቀመጥ ዓይኗን የጣለች እህት አለች። የኔ እናት፣ እዚያ አትቀመጪ። ወደ እኔ ነይ፣ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ቀሚስሽ ቢረጥብ እኔ አጠገብሽ ነኝ። ስትድኚ ደግሞ ቁርበትሽን ይዘሽ ነይ። ጠፋሪው ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።